ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር፣ በወፍጮ ቤት በኩል

ንጋት፣ ባሕር ዳር

ጌትነት «ጎህ ሲቀድ በርሽ ላይ ነኝ» ስላለኝ፣ እኔ ሞኟ ጎህ ሳይቀድ ነጠላዬን ተከናንቤ በሬ ላይ ቆሜያለሁ። ከሰፈሩ ውሻ በቀር ማንም የለም። ደወልኩለት። «ደረስኩ፣ ደረስኩ» አለኝ። ከስልኩ ውስጥ አፉን ሲጉመጠመጥ ይሰማኛል። በእኛ አገር «ደረስኩ» ማለት «ሱሪዬን እየፈለግኩ ነው» ማለት እንደሆነ ስለማውቅ አልገረመኝም። ተናድጃለሁ ግን።

በኋላ መጣ። መምጣቱን ያወቅኩት የመኪናዋ አፍንጫ ጉልበቴን ልትነካ ትንሽ ሲቀራት ነው።

«ምነው፣ ይቺ ልጅ ኮቴም የላት እንዴ?» አልኩት።

«እሱ ነው እኮ ውበቷ፣ ፋንታዬ» አለና በሩን ከፈተልኝ። ነጭ፣ ትንሽ፣ እንደ እንቁላል ድቡልቡል ያለች የኤሌክትሪክ መኪና ናት። ሁለተኛ እጅ ነው የገዛት። ባትሪዋ እንደ ባለቤቷ ፀጉር ሳስቷል።

ጌትነትን ላስተዋውቃችሁ። አብረን የተማርን፣ አሁን ባሕር ዳር ተቀጥሮ የሚሠራ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው። ሚስቱ ትዕግሥት ደብረ ታቦር ነርስ ናት። አባቷን አያ ይርጋን ብቻቸውን ጥላ ንቅንቅ አትልም። ስለዚህ ባልና ሚስት የሚተያዩት በቅዳሜና እሁድ ነው፤ እሱም መንገዱ ሲከፈትና ሚኒባስ ሲገኝ። ጌትነት ደብረ ታቦር ጠቅልሎ የሚገባበት ሥራ ሲያሰላስል ከርሟል። መጀመሪያ የመጣለት የሃይድሮጅን ማደያ ነበር። ከውሃ ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙን መኪና ላይ ይሞላል፣ መኪናዋም በጭስ ፋንታ ውሃ ጠብ እያደረገች ትሄዳለች። ትዕግሥት አንድ ምሽት ሙሉ ስታዳምጠው ቆየችና «መጀመሪያ ውሃው ለእኛ ቧንቧ ይምጣ፣ ከዚያ ለመኪና ታጠጣለህ» አለችው። ሃይድሮጅን በዚያው ቀረ።

አሁን ያሰበው የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ነው። የቤንዚን መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያሉ መኪኖች እየበዙ ነው፤ ከባሕር ዳር ወዲያ ግን የሚሞሉበት ቦታ ቢፈልግ አላገኘም። ቦታው አለ። አያ ይርጋ ከደብረ ታቦር መግቢያ ዋናው መንገድ ዳር አጥረው ያስቀመጡት ባዶ መሬት አላቸው። ነገሩን ያከበደው ሙላት የሚባል ነጋዴ እዚያው ላይ ቤንዚን ማደያ ልሥራ ብሎ መጠየቁ ነው። አያ ይርጋ ደግሞ አማቼ ነው ብለው የሚያደሉ ሰው አይደሉም። «ይቺ መኪናህ ማንም ሳይጎትታት፣ በገዛ ጉልበቷ ከባሕር ዳር መጥታ በግቢዬ በር ከገባች መሬቱ ያንተ ነው። ካልገባች የሙላት ነው» ብለዋል። ቀኑ ዛሬ ነው፤ እኔም ለጋዜጣዬ ልጽፈው አብሬው ልሄድ ነው። ማኅበራቸው በእሳቸው ቤት ጽዋ የሚጠጣበት፣ ምስክር የሚሆን ሽማግሌ ግቢውን የሚሞላበት ቀን ነው። ማኅበሩ ሳይበተን መድረስ አለብን። መሬቱን ካጣው ጌትነት አዲስ አበባ ሥራ ሊገባ ነው፤ ያን ጊዜ ቅዳሜና እሁዱም ይቀራል።

«ሞልተሃታል ግን?» አልኩት።

«ማታ ሰክቻት ነበር። መብራት ሄደ።»

«እና?»

«ከግማሽ ትንሽ አልፋለች። ይበቃናል።»

ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። ማትሪክ ልንፈተን ስንገባም በር ላይ «አጥንቻለሁ» ያለኝ በዚሁ ድምፅ ነው።

የዓባይን ድልድይ ተሻገርን። ብርዱ ከእግር ጣቴ ጀምሮ ይወጣል።

«ማሞቂያውን ክፈተው።»

«ማሞቂያ ባትሪ ይበላል።»

«እኔንም ብርድ እየበላኝ ነው።»

ከኋላ መቀመጫ ጋቢውን አንሥቶ ሰጠኝ። በዘመናዊ መኪና፣ በጋቢ ተጠቅልዬ ጉዞዬን ቀጠልኩ።

ረፋድ፣ ሐሙሲት

የገበያ ቀን ነው። ሐሙሲት መግቢያ ላይ መንገዱ የሰው፣ የፍየልና የአህያ ነው፤ መኪና የሚያልፈው በይሁንታ ነው። ሌላው መኪና ሲመጣ ድምፁን ሰምቶ ሁሉም ወደ ዳር ይላል። እኛን ማን ይሰማናል? ከአህያ ጭራ ኋላ ተለጥፈን በእግር ፍጥነት እንሄዳለን። ጌትነት ክላክስ ማድረግ ያፍራል። «ሰው እንዳይደነግጥ» ይላል። እኔ እጄን ዘርግቼ አደረግኩት። አህያዋ አልደነገጠችም፤ ባለቤቷ ግን ዞር ብሎ ሁለታችንንም ገላመጠን።

ኬላው ላይ አንድ ጠባቂ አስቆመንና «ኮፈኑን ክፈት» አለ። ጌትነት ከፈተ። ሰውየው አጎንብሶ አየ። ቀና አለ። እንደገና አጎነበሰ።

«ሞተሩስ?»

«ከሥር ነው። ትንሽ ናት፤ አትታይም።»

«ነዳጅ የምታስገባውስ በየት ነው?»

«ነዳጅ የላትም።»

ጠባቂው ጓደኛውን ጠራው። «ናማ እይ፤ ባዶ መኪና እየነዱ ነው» አለው። ጓደኛውም አየና በጣም አዘነልን። እየፈተሹን ሳይሆን እንደ ታማሚ እየጠየቁን ነበር የሚመስለው። «እግዜር ያድርሳችሁ» ብለው ለቀቁን።

ከኬላው እልፍ እንዳልን አንዲት እናት መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን ዘረጉ። አጠገባቸው ጆንያ አለ፣ የታሰሩ ዶሮዎች አሉ፣ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ አለ።

«እንዳትቆም» አልኩት ጌትነትን። «ክብደት ባትሪ ይጨርሳል ያልከው አንተ ነህ።»

ቆሟል።

«ወዴት ነው ልጄ? ደብረ ታቦር?»

«አዎ እማማ።»

«እሰይ። ልጄ ተገላግላ አራስ ጥየቃ መሄዴ ነው። ከንጋት ጀምሮ ቆሜ፣ ሚኒባሱ ሁሉ ሞልቶ ያልፋል። ይቺ የገንፎ ገብስ ናት፤ እዚያው አስፈጫታለሁ።»

ጌትነት ወደ እኔ ዞሮ በሹክሹክታ «ለአራስ የሚሄዱትን እናት መንገድ ላይ ጥዬ ልለፍ?» አለኝ። አትለፍ እንጂ ምን እላለሁ። ጆንያው ከኋላ ገባ፤ መኪናዋ ቂጧ ዝቅ አለ። ዶሮዎቹ እግሬ ሥር ሆኑ። እቴቴ ዘውዴ ይባላሉ። ከኋላ ተደላድለው ተቀምጠው ጸሎታቸውን አደረሱና ዝም ብለው ጠበቁ። ትንሽ ቆይተው «በል እንግዲህ አስነሣው ልጄ» አሉት። ሐሙሲትን ከወጣን ቆይተናል።

እኩለ ቀን ሳይሞላ፣ ወረታ

ጉማራን ተሻግረን ፎገራ ገብተናል። ሜዳው ሁሉ ሩዝ ነው፤ መንገድ ዳር የቀይ ሽንኩርት ክምር ነው። አንዲት ሻጭ አንዱን ክምር «ለእናንተ ስለሆነ ነው» ብላ ዋጋ ነገረችኝ። ለእኛ ባይሆን ስንት ሊሆን እንደነበር እግዜር ይወቅ። ወረታ ላይ ሩዝ የተቀላቀለበት ነጭ እንጀራ በሽሮ አስጠቅልለን መኪናው ውስጥ በላን። ጌትነት ጊዜ እንዳይባክን ብሎ ነው። እቴቴ ዘውዴን ሳያጎርሱ መብላት ስለማይቻል እሳቸውም ሳያጎርሱን ስለማይበሉ፣ ቁጭ ብለን ብንበላ ይፈጥን ነበር።

ወረታ ማደያ ፊት ለፊት ሰልፉ ጉድ ነው። ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ አይሱዙው፣ ቢጫ ጀሪካኑ ተራውን ይዞ እስከ መታጠፊያው ደርሷል። ሾፌሮቹ መኪናቸው ሥር ካርታ ይጫወታሉ። ጌትነት በሰልፉ አጠገብ ሆን ብሎ ቀስ እያለ አለፈ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ነበር። በዚያ ሰዓት ያደረገውን ፈገግታ ብታዩት ትጠሉት ነበር።

ትዕግሥት ደወለች። «የት ደረሳችሁ?»

«ደረስን። አለም በርን አልፈናል» አላት። ዓይኔ ሥር የወረታ ሽንኩርት አለ።

«ማኅበርተኛው እየጠየቀ ነው። ሙላትም በጠዋት ፒካፑን ይዞ መጥቷል። አባባ በር ላይ ሊቀበሏችሁ ሊወጡ ነው።»

«ይውጡ፣ ይውጡ» አለ ጌትነት።

ከወረታ ወደ ቀኝ ታጥፈን ትንሽ እንደሄድን መንገዱ ቀና ማለት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ከፊታችን ያለው የባትሪው ቁጥር እንደ ክረምት አጥር መፍረስ ጀመረ። ሠላሳ የነበረው ዓይናችን እያየ ሃያ አምስት ሆነ። የጌትነት ጆሮ ቀላ። አለም በር ስንደርስ መኪናዋን ዳር አቁሞ መሪው ላይ ግንባሩን አሳረፈ።

«ዳገቱን አትጨርሰውም» አለ።

«ሚስትህ አባቷን በር ላይ አውጥታ አቁማለች እኮ።»

«አውቃለሁ ፋንታዬ።»

እቴቴ ዘውዴ ከኋላ ሆነው «በመብራት ነው የምትሄደው አላላችሁም? መብራት እኮ ወፍጮ ቤት ሞልቷል» አሉ። ጌትነት ቀና አለ። ከእሱ አፍ ለመውጣት የቀረበ ቃል ነበር፤ ወፍጮ የሚያዞር ኃይለኛ መስመር ለመኪናም እንደሚሆን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። የቸገረው ገብቶ መጠየቁ ነው። ሰውዬው ከሁሉም ነገር በላይ ሰው ማስቸገር ይከብደዋል።

ከሰዓት፣ አለም በር ወፍጮ ቤት

በወፍጮ ቤት ሰው አይሰለፍም፤ ጆንያ ነው የሚሰለፈው። ባለቤቶቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ወሬያቸውን ይሰልቃሉ። ጌትነት መኪናዋን ከመጨረሻው ጆንያ ኋላ በሥርዓት አቆማትና ወረደ። ከጥላው ሥር ሳቁ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው።

«ምን ልታስፈጩ ነው፣ ጎማዋን?» አለች ቀይ ሻሽ ያሰረች ሴት።

ባለ ወፍጮው ሐጂ እንድሪስ ቅንድባቸው ድረስ ዱቄት የለበሱ ሰው ናቸው። ጌትነት ችግሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳቸው፤ መሬቱን፣ አማቱን፣ ሙላትን፣ ማኅበሩን። ሐጂ እጃቸውን ሽርጣቸው ላይ እየጠረጉ ሰሙት።

«ግድ የለም፣ ሞክረው» አሉ።

ሰካው። ወዲያው ሳልቫቪታው ቀጭ ብሎ ወደቀ፤ ወፍጮው እየተጎተተ ጸጥ አለ። ጥላው ሥር የነበረው ወሬ ሁሉ አብሮ ጸጥ አለ። ያ ሁሉ ዓይን ወደ ጌትነት ዞረ። ሐጂ ሳልቫቪታውን መልሰው አነሡና «ሁለታችሁን አይችልም» አሉት። «ወይ ወፍጮው ነው ወይ መኪናው። እንግዲህ ተራህን ጠብቅ።»

ተራው እስኪደርስ ማኅበሩ ተበትኖ፣ ብርጭቆው ታጥቦ፣ ሙላት መሬቱን ለክቶ ይጨርሳል። ይህን ለሐጂ ነገርኳቸው፤ እኔ እንኳን ማስቸገር አይከብደኝም።

«ልጄ፣ ተራ ተራ ነው» አሉኝ። «እኔ ከሰልፍ የማስቀድመው ሁለት እህል ነው። የለቅሶ ቤትና የአራስ ቤት። ሌላውን ባስቀድም እነዚህ ሴቶች ወፍጮው ውስጥ ይከቱኛል።»

የመኪናዋ የኋላ በር ተከፈተ። እቴቴ ዘውዴ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወረዱ።

«የአራስ ቤት እህል እዚህ አለ» አሉ።

ጥላው ሥር ማንም አልተቃወመም። ጆንያው ወረደ፤ ገብሱ ሳይውል ሳያድር ዱቄት ሆነ። እቴቴ ዘውዴ ዱቄቱን በመዳፋቸው አሽተው አዩና ወደ ሐጂ ዞሩ።

«በሉ አሁን ደግሞ መኪናዋን።»

«መኪናዋማ እህል አይደለችም እናቴ።»

«ዱቄቱን ማን ሊያደርሰው ነው? እኔ በጀርባዬ? አራሷ ያለችው ደብረ ታቦር፣ ገንፎው አለም በር። ይህ ማስቀደም ነው እንዴ?»

ቀይ ሻሽ ያሰረችው ሴት ተነሣች። «እንዲህ ከሆነማ ነገ አህያዬን የአራስ ናት ብዬ ቀድሜ ላስገባ ነው» አለች። ሌላዋ ደግሞ ከተቀመጠችበት «መኪናዋ ወንድ ነው ሴት የተገላገለችው?» አለች። ሳቁ ሳይበርድ ሐጂ እጃቸውን አነሡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ አሰቡ። እኔ የፍርድ ቤት ዳኛ እንዲህ ሲያስብ አይቼ አላውቅም።

«ዱቄቱ እስኪደርስ ድረስ መኪናዋም የአራሷ ናት» አሉ። «ስካ።»

ጌትነት ሰካ። ወፍጮው ቆመ። ባለ ጆንያዎቹ ከጥላው ሥር ተነሥተው መኪናዋን ከበቧት። አንዱ ጆሮውን ጎኗ ላይ ለጥፎ አዳመጠ። «እየጠጣች ነው?» «ምንም አይሰማም።» «ይቺስ ሌባ ናት፣ ድምፅ ሳታሰማ።» የማውቀውን ያህል ላስረዳ ሞከርኩ፤ የማውቀው ግን ብዙ አልነበረም። ጌትነት ከፊታቸው ቆሞ እጁን አጣምሯል። ቁጥሩ በቀስታ ይወጣል። ሴቶቹ ፀሐዩን ያያሉ፣ ጆንያቸውን ያያሉ፣ ከዚያ እሱን ያያሉ። እሱ ደግሞ በታየ ቁጥር ያንሳል።

የዚህ ሁሉ ጉዞ ትልቁ ጥፋት የተሠራው እዚህ ላይ ነው። ማንም ምንም ሳይለው፣ ጌትነት ሄዶ ነቀለው።

«ምን ማድረግህ ነው?» አልኩት።

«በቃ፣ ይበቃታል።»

«መች ሞላች?»

«ሰው እየጠበቀ እኮ ነው ፋንታዬ። ያሳፍራል።»

ሳይጠግብ «ጠግቤያለሁ» ብሎ ከማዕድ እንደሚነሣ እንግዳ ነው ያደረገው። ሐጂ እንኳን «ጨምርላት እንጂ» አሉት። «አይ፣ በቂ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ገመዱን ጠቀለለ። ሐጂ ክፍያም አልቀበልም አሉ። «ለአራስ እህል ዋጋ አንጠይቅም» ብለው ወፍጯቸውን አስነሡ።

በር ስንከፍት ቀይ ሻሽ ያሰረችው ሴት ጆንያዋን ተሸክማ ቆማለች።

«እኔም መንገዴ ደብረ ታቦር ነው» አለች። «ተራዬን በልታችሁ በእግሬ ልሂድ?»

ጌትነት ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ? አያስፈልግም።

ዳገቱ ላይ

አራት ሰው፣ የዱቄት ጆንያ፣ ያልተፈጨ እህል፣ ዶሮ፣ ቅቤ። አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ባሕር ዛፉ ይበዛል፣ ጉሙ ከተራራው እየወረደ መንገዱን ይሸፍናል። ኤሊ የመሰለ ቢጫ ምልክት ከፊታችን በራ። ጌትነት «ኃይል ቆጥባ እየሄደች ነው» አለኝ። አንድ ባጃጅ ቀድሞን አለፈ። ቀጥሎ ጋሪ ሊቀድመን ሲሞክር አየሁና አንገቴን ጋቢ ውስጥ ከተትኩ።

አንድ ቁልቁለት ላይ ቁጥሩ በአንድ ጨመረ። እቴቴ ዘውዴ አዩት።

«ምነው ጨመረ?»

«ቁልቁል ስትወርድ ትንሽ ትሞላለች እማማ።»

እቴቴ ዘውዴ አሰቡበት። «ታዲያ ወደ ወረታ ቁልቁል ተመልሰን ሞልተናት አንመጣም?» አሉ። ጌትነት ይህ ለምን እንደማይሆን እስከሚቀጥለው ኮረብታ ድረስ አስረዳቸው። «እሺ ልጄ» አሉት፤ ያላመኑ ሰው «እሺ» ነበር።

ስልኩ ጮኸ። ትዕግሥት ናት። ድምፅዋ ወርዷል። «ጌትዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። አባባ ሽማግሌዎቹን ይዘው ሦስተኛ ጊዜ በር ላይ ወጥተው ተመለሱ። ሙላት እየሳቀ ነው። ልትመጣ ነው ወይስ አትመጣም?»

ጌትነት መንገዱን አየ፣ ቁጥሩን አየ። ከዚያ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገረ። «አላውቅም ትዕግሥት። ዳገቱ ላይ ነኝ። እየመጣሁ ነው ግን።»

ከስልኩ ወዲያ ትንፋሽ ተሰማ። «እሺ። እኔ በር ላይ ነኝ» አለችና ዘጋችው። ቀይ ሻሿ እንኳን ወደ ፊት ዘንበል ብላ ቁጥሩን ትጠብቃለች። እኔ መኪናዋን በልቤ ወደ ፊት እየገፋሁ ነበር።

ሊመሽ ሲል፣ ደብረ ታቦር

ደብረ ታቦር በባጃጅ ጩኸትና በቀዝቃዛ ነፋስ ተቀበለችን። ቁጥሩ ሁለት ነው። ቀይ ሻሿ መንገዷ ላይ ልትወርድ ብትችልም «ይህንንማ ሳላይ አልወርድም» ብላ እምቢ አለች። የአያ ይርጋ ግቢ ዋናው መንገድ ዳር፣ ትንሽ አቀበት ላይ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። በሩ ላይ ትዕግሥት የሥራ ካፖርቷን እንደለበሰች ቆማለች። ከኋላዋ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ብርጭቆ በእጃቸው። ከእነሱ ኋላ፣ ግቢው ውስጥ፣ የሙላት ፒካፕ።

ጌትነት መሪውን አዞረ። የፊት ጎማዎቹ ደፉን አለፉ። ከዚያ መኪናዋ አንድ ጊዜ ተንፍሳ ቆመች። መብራቷ ጠፋ። ግማሿ ግቢ ውስጥ ነው፣ ግማሿ መንገድ ላይ።

አያ ይርጋ ከዘራቸውን ይዘው ቀረቡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊታቸው የማይነበብ ሰው ናቸው። መኪናዋን ዞረው ለማየት ፈለጉ፤ ግን በሩን ግጥም አድርጋ ስለዘጋችው ዞረው መውጣት አልቻሉም።

«ገብታለች» አለ አንድ ሽማግሌ።

«የት ገባች? ቂጧ ውጭ ነው» አለ ሌላው።

ከዚያ የሆነውን ጎንደር ያለ ሰው ይገምተዋል። ማኅበሩ ችሎት ሆነ። አንዱ «ሰው ቤት ገባ የሚባለው በእግሩ ነው በጀርባው?» ይላል። ሌላው «በሬ አንገቱን በረት ውስጥ ከቶ ቢያድር፣ ገባ ብለህ በሩን ትዘጋበታለህ?» ይላል። ቄሱ ሁለቱንም ወገን እያዳመጡ ለሁለቱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እቴቴ ዘውዴ ከመኪናዋ ሆነው «የአራስ መኪና ናት፣ አታመናጭቋት» ይላሉ፤ ይህ ግን ለማንም አልገባም። ጌትነት መሪውን እንደያዘ ተቀምጧል። ሊወርድ አልደፈረም። ትዕግሥት መስኮቱ አጠገብ ቆማ እጇን ትከሻው ላይ አድርጋለች።

ፀሐይ ጠለቅ እያለች ስትሄድ ሙላት ሰዓቱን ማየት ጀመረ። አንድ ጊዜ አየ፣ ደግሞ አየ። ከዚያ ወደ አያ ይርጋ ጠጋ አለ።

«አያ ይርጋ፣ ክርክሩ ይቆየንና መኪናዋ ትነሣልኝ። መውጣት አለብኝ።»

«ምን ያስቸኩልሃል?»

ሙላት ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሁላችንም ግን ሰማነው። «ከከተማው ማደያ ወረፋ አስይዤ ነው የመጣሁት። ከትናንት ጀምሮ። ተራዬ አሁን ሊደርስ ነው። ካለፈኝ ከኋላ ነው የምጀምረው።»

አያ ይርጋ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «መኪናዋን ገፍተን ልናስወጣት እንችላለን። ያን ጊዜ አልገባችም ማለት ነው። ገፍተን የምናስገባት ግን፣ ቀድሞውኑ በራሷ ገብታለች ካልክ ነው። ክርክሩ የአንተና የአማቼ ነው። አንተው ወስን።»

«ወደ ውጭ ግፏት» አለ ሙላት።

ሽማግሌዎቹ ቀርበው ወደ ውጭ ገፏት። አልተንቀሳቀሰችም። ጌትነት የእጅ ፍሬን ይዟል። ሙላት ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ጌትነት ቀጥ ብሎ ወደፊት ያያል። ቀኑን ሙሉ ለአህያው፣ ለሴቱ፣ ለጆንያው ሲያፍር የዋለው ሰው፣ በዚያች ቅጽበት አላፈረም። እኔ በጓደኛዬ በጣም ደስ አለኝ።

ሙላት ፒካፑን አየ፣ ፀሐዩን አየ። «እሺ፣ ገብታለች» አለ። «በራሷ ጉልበት ገብታለች። ምስክሩ እኔ ነኝ። አሁን ወደ ውስጥ ግፉልኝ።»

እነዚያ ሁሉ ሽማግሌዎች ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ገፉ። ሙላትም አብሮ ገፋ፤ ከሁሉም በላይ የገፋው እሱ ነው። ከዚያ ፒካፑን አስነሥቶ በአቧራ ውስጥ ጠፋ። አያ ይርጋ ወደ ጌትነት ዞሩ።

«መሬቱ ያንተ ነው» አሉት። «ሰው ወረፋ የማይሰለፍበት አድርገህ ሥራው።»

ጌትነት ሊመልስ አፉን ከፈተ፣ ዕንባው ቀደመው። አያ ይርጋ ይህን ላለማየት ዶሮዎቹን ማየት ጀመሩ። እቴቴ ዘውዴን ከነዱቄታቸው በባጃጅ ወደ አራሷ ሸኘናቸው። ቀይ ሻሿ ግን ዳቦና ጠላ ቀርቦላት እስከ መጨረሻው ተቀመጠች።

በማግስቱ ጠዋት

ጌትነት የወሰደው ፈቃድ ለአንድ ቀን ነው። ዛሬ ባሕር ዳር መግባት አለበት። ማታ መብራት ስላልነበረ መኪናዋ እንደተሰካች ሳትሞላ አደረች።

ፊቴን ልታጠብ ወደ በረንዳው ስወጣ የጎረቤቱ ራዲዮ ይጮሃል። መብራት መጥቷል። ትዕግሥት ቆጣሪው ሥር በርጩማ ላይ ቆማለች። ሳልቫቪታውን በጣቷ ቀጭ አደረገችው። የበረንዳው አምፖል ጠፋ። ዞር ስትል አየችኝና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ትንሽ ቆይቶ ጌትነት ወጣ። መኪናዋን አየ። ገመዱን አየ። የጎረቤቱን ራዲዮ ሰማ። ከዚያ ቀና ብሎ ቆጣሪውን ረዘም ላለ ጊዜ አየ፤ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው፣ የወደቀ ሳልቫቪታ አይስተውም። እጁን ኪሱ ከተተና ስልኩን አውጥቶ አለቃው ጋ ደወለ።

«ጌታዬ፣ መምጣት አልቻልኩም። መብራት የለም... አዎ፣ ከተማው ሙሉ... እንደመጣ እነሣለሁ።»

ትዕግሥት ውስጥ ሆና ስትስቅ ይሰማኛል። አያ ይርጋ በረንዳው ጥግ ጋቢያቸውን ለብሰው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሁሉን አይተዋል፣ ሁሉን ሰምተዋል። ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ጋዜጣ ላይ ነው የምትጽፊው አሉ?»

«አዎ አባባ።»

«እንግዲያው መብራት አልነበረም ብለሽ ጻፊ።»

መብራት አልነበረም።